የመንዝ በግና የባንክ ደብተር

ሰኔ በገባ ቁጥር የባንክ ሠራተኛ እንቅልፍ የለውም። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተሰጠው የተቀማጭ «ታርጌት» አለበት፤ መስኮት ላይ የሚቀመጠው ቴለር ሳይቀር ድርሻው ተቆርጦ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ስልክ ይደወላል፤ ለዘመድ፣ ለጓደኛ፣ ከሁሉም በላይ ለባለገንዘቡ ነጋዴ። «ለጥቂት ቀን እኛ ጋ ይቀመጥልን» ይባላል። ገንዘቡ በሰኔ ማለቂያ ይገባል፣ ሐምሌ እንደባተ ይወጣል። ሪፖርቱ ያምራል፤ ጭብጨባውም አይቀርም። ባንኩ ግን በዚያ ገንዘብ አንድ ብድር እንኳ አልሰጠበትም፤ ሊሰጥበትም አይችልም ነበር።

በዚያው ሰሞን በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በዘመሮ ዙሪያ፣ ሌላ ዓይነት ተቀማጭ በየመስኩ ሣር ይግጣል። የመንዝ ገበሬ እጁ ላይ ጥቂት ብር ሲተርፈው ጠቦት ይገዛል፤ ሲቸግረው ሙክቱን ነድቶ ገበያ ይወጣል። የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ክፍያ፣ የተዝካር ወጪ፣ የሐኪም ቤት ገንዘብ ሁሉ የሚወጣው ከበጉ ነው። ከባንኩ መስኮት ሲታይ ግን ይህ ሕዝብ «የቁጠባ ባህል የለውም» ይባላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ቁጠባው አለ፤ የጎደለው ባንኩ ለዚህ ቁጠባ ማደሪያ የሚሆንበት ብቃት ነው።

ገንዘቡ ሲጠብ ሩጫው በረታ

የኢትዮጵያ ባንኮች ተቀማጭ የማሰባሰብ ታሪክ በብዙው የመንግሥት ባንክ ታሪክ ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮችን ከወረሰ በኋላ ለ20 ዓመት ያህል የግል ባንክ አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 84/1986 በሩን ከፈተ፤ አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገንና ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ የባንኮቹ ቁጥር ከ30 በላይ ሆኗል። ያም ሆኖ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብቻውን ከአንድ ትሪሊዮን ብር በላይ ተቀማጭ ይዟል።

ንግድ ባንክ እዚህ የደረሰው ዝም ብሎ አይደለም። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ቅርንጫፎቹን በብዙ እጥፍ አብዝቶ እስከ ወረዳ ከተሞች አወረደ። በ2005 ዓ.ም. የ20/80 እና የ40/60 የቤት ምዝገባ ሲጀመር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በየወሩ እንዲቆጥብ ምክንያት አገኘ። የዓባይ ግድብ ቦንድም ነበር። «ይቆጥቡ ይሸለሙ» እየተባለም መኪና በዕጣ ወጥቷል። ከእነዚህ ውስጥ ዘላቂ ውጤት ያመጣው የቱ ነው ቢባል መልሱ ብዙ አያከራክርም። ቤት ለማግኘት ሲል የሚቆጥብ ሰው ዓመት ከዓመት ይቆጥባል፤ መኪና በዕጣ ይደርሰኛል ብሎ የመጣ ሰው ግን ዕጣው ወጥቶ ሲያበቃ ገንዘቡን የሚያቆይበት ምክንያት የለውም።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሜዳው ተለወጠ። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጣሪያው በታህሳስ 2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ሲታወጅ በዚያው ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። አንድ ባንክ ያበደረው ገንዘብ ተመልሶ በሌላው ባንክ ውስጥ ተቀማጭ ይሆናል፤ ሲሚንቶ የገዛው ተበዳሪ የከፈለው ብር የሲሚንቶ ሻጩ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ብድር ሲታነቅ አዲስ ተቀማጭም አብሮ ይቀጭጫል። ያኔ ባንኮች የሚሽቀዳደሙት ለአዲስ ገንዘብ መሆኑ ይቀርና አንዱ የሌላውን ደንበኛ መንጠቅ ይሆናል።

በዚህ ንጥቂያ የሚያተርፈው ባለ ብዙ ገንዘቡ ነው። ለተራው ቆጣቢ ዝቅተኛው ወለድ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው፤ በአብዛኛው ቅርንጫፍም የሚከፈለው ይኸው ወይም ከዚህ ብዙም ያልራቀ ነው። በጊዜ ገደብ የሚያስቀምጠው ድርጅት ግን ተደራድሮ በብዙ የሚበልጥ ወለድ ያገኛል፤ ውሉ ሲያልቅም የተሻለ ወደሚከፍለው ይሻገራል። ባንኩ በእጁ ያለው ገንዘብ የራሱ ደንበኛ ገንዘብ ሳይሆን የተከራየው ገንዘብ ነው ማለት ነው፤ ኪራዩ ውድ፣ ተከራዩም በአንድ ስልክ የሚባረር።

በጉ ባንኩን የሚበልጥበት፣ ባንኩ በጉን የሚበልጥበት

የዘመሮ ገበሬ ወደ ባንክ የማይሄደው ባለማወቅ ነው የሚል ካለ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 10,000 ብር በቁጠባ ደብተር አስቀመጠ እንበል። በዓመቱ 700 ብር ወለድ ይታሰብለታል፤ ከዚህ ላይ 5 በመቶ የወለድ ግብር ተቀንሶ 665 ብር ይደርሰዋል። በደብተሩ ያለው 10,665 ብር ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ30 እንኳ ብናሰላው አምና በ10,000 ብር የገዛውን ዕቃ ዘንድሮ ለመግዛት 13,000 ብር ያስፈልገዋል። ከ2,300 ብር በላይ ጎደለበት። በዚያው ብር በግ የገዛው ጎረቤቱ በጎቹ ከእነ ግልገላቸው አሉት፤ ዋጋቸውም ከገበያው ጋር አብሮ ወጥቷል። የዋጋ ንረቱ ከዚያ ወዲህ ቢረግብም ገበሬው ያንን ዓመት አልረሳውም።

የመንዝ ሰው ለነገ ማቆየትን ከባንክ የሚማር ሰውም አይደለም። በመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ ያለው የጓሳ ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በሚባለው ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም ከብት አያሰማራበትም፣ ማንም ማጭድ አያነሣበትም፤ ቀኑ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን እስኪያፈርሰው ድረስ አንድ ሕዝብ የጋራ ሀብቱን ለክፉ ቀን እየቆጠበ ሲያስተዳድር ኖረ። ሱፉም እንዲሁ ነው። የበጉ ፀጉር ተሸልቶ ይፈተላል፤ «ባና» የሚባል የሱፍ ልብስ ሆኖ ይሠራል፤ ባናውም ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይለበሳል፣ በችግር ጊዜ ደግሞ ይሸጣል። ለእንዲህ ያለው ማኅበረሰብ «የቁጠባን ጥቅም እናስተምራችሁ» ብሎ ስብሰባ መጥራት ጊዜ ማባከን ነው።

ግን በጉም ነውር አለበት፤ ባንኩ ሊገባ የሚችለው በዚህ በኩል ነው። በግ ይታመማል፤ በረግረጉ ግጦሽ የጉበት ትል ይፈጀዋል። ተከፍሎም አይሸጥም። ለደብተርና ለእስክሪብቶ 300 ብር የቸገረው አባት የበግ እግር ቆርጦ ገበያ አያወጣም፤ ያለው ምርጫ ሙሉውን በግ መሸጥ ወይም መበደር ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ክፉ ዓመት ሲመጣ ነው። በልግ ሲቀር ገብሱም ይቀራል፣ ሣሩም ይጠፋል፤ ያኔ ሁሉም በጉን ይዞ በአንድ ሳምንት ገበያ ይወጣል። በጉ ከስቷል፤ ሻጭ በዝቷል፤ ዋጋው ይወድቃል። ቁጠባው እጅግ በሚፈለግበት ቀን ዋጋው ግማሽ ሊሆን ይችላል። የባንክ ተቀማጭ ደግሞ በድርቅ አይከሳም፤ 300 ብሩንም 3,000 ብሩንም እንደ ችግሩ መጠን መዝኖ ያወጣል። ስለዚህ ባንኩ ገበሬውን «በግህን ሽጠህ ብርህን አምጣ» ሊለው አይገባም። ሊለው የሚገባው «ከአምስቱ በግ የአንዱን ዋጋ ለክፉ ቀንና ለትንንሹ ወጪ እኛ ጋ አኑር» ነው። ይህን ሐሳብ ገበሬው ይቀበለዋል፤ ከራሱ ኑሮ የወጣ ነውና።

ትንሹ ቆጣቢ የሚፈልገው ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጠች አገር ኢንዶኔዥያ ናት። ባንክ ራክያት የተባለው የመንግሥት ባንክ በየመንደሩ ያሉት ቅርንጫፎቹ ለዓመታት ጥሩ ወለድ የሚከፈልበት የቁጠባ ሒሳብ ነበራቸው፤ ነገር ግን ገንዘብ ማውጣት የሚቻለው በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ገበሬው አልመጣም። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1986 «ሲምፔደስ» የተባለ ሌላ ሒሳብ በአገሪቱ በሙሉ አወጣ። ለአነስተኛ ሒሳብ የሚከፈለው ወለድ ዝቅተኛ ነው፤ በጣም ለትንሹ ጭራሽ አይከፈልም። ባለቤቱ ግን ገንዘቡን በፈለገ ሰዓት፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ማውጣት ይችላል። ተቀማጩ ጎረፈ። ከወለዱ ይልቅ የሳበው በፈለጉት ሰዓት እጅ የሚገባ መሆኑ ነበር።

የኛም አገር ተመሳሳይ ምስክር አለው። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎትን ከፈቀደ በኋላ ባንኮች እምነቱ ወለድን የሚከለክለውን ሕዝብ ማስተናገድ ጀመሩ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ የሚሠራ የመጀመሪያው ባንክ ሆነ። በአደራ የሚቀመጠው ሒሳብ ወለድ አይከፈልበትም፤ ሆኖም ቢሊዮኖች ገቡበት። አገልግሎቱ ከደንበኛው ሕሊናና ኑሮ ጋር ሲገጥም ሰው በራሱ እግር ይመጣል። ለመንዝ ደጋ የሚገጥመው አገልግሎት ምን ዓይነት ነው ብሎ የጠየቀ ባንክ ግን እስካሁን ብዙ አልታየም።

«ሲስተም የለም»

የዘመሮን ገበያ ቀን በዓይነ ሕሊና እንይ። ገበሬው ሙክቱን ከማለዳ ጀምሮ ነድቶ ይመጣል፤ ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ የመጣው ነጋዴ ጀርባውን ዳስሶ፣ ላቱን መዝኖ፣ ተከራክሮ ይገዛል። ክፍያው በሞባይል ከሆነ ገበሬው ብሩን ለማውጣት፣ በጥሬው ከሆነ ደግሞ ለማስገባት ወደ ባንክ ይሄዳል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ተራው ሲደርስ ከመስኮቱ ወዲያ አንድ ቃል ይሰማል፦ «ሲስተም የለም።» መንገዱ ሩቅ ነው፣ ቀኑም መሽቷል። ይህ ሰው ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ጠቦት ይገዛበታል። አንድ ቀን የጠፋ ሲስተም አንድ ዓመት ሙሉ የተደከመበትን ቅስቀሳ ያፈርሳል።

ችግሩ ከባንኩ ቁጥጥር ውጪ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ለተጠጋ ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። ተቀማጩን በስልክ መተግበሪያ የሚያንቀሳቅስ ሰው ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ገንዘቡም አብሮ ተዘጋበት። የመንገድ አለመረጋጋት ደግሞ ጥሬ ብር ወደ ቅርንጫፍ ማጓጓዝን ከባድ አደረገው። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ለምን በጉን መረጠ?» ብሎ መጠየቅ ፍርድ አይሆንም፤ በጉ ኔትወርክ አይፈልግም።

እምነትን የሚነካው ሌላው ነገር ደንበኛው ምን ዋስትና እንዳለው አለመታወቁ ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያዘዋውሩ አደሩ፤ ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና የቆጣቢ ገንዘብ እንዳልተነካ ገለጸ፤ አብዛኛውንም አስመለሰ። ያን ሰሞን በየቡና ቤቱ የተሰማው ጥያቄ ግን «የኔስ ገንዘብ?» የሚል ነበር። መልሱ በሕግ አለ። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ቢወድቅ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል፤ ባንኮችም ለዚሁ በየዓመቱ አረቦን ይከፍላሉ። የዘመሮ ገበሬ ቁጠባ በአብዛኛው ከዚህ ጣሪያ በታች ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው ማለት ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በቁጠባ ደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ አትሞ መስጠት ከስንት ቢልቦርድ ይበልጥ ነበር።

ወጪው ያዋጣል?

የባንክ ሰዎች የሚያነሡት መከራከሪያ ክብደት አለው። ትንሽ ሒሳብ ወጪው ብዙ ነው፤ ደብተር፣ ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ ጀነሬተር ይፈልጋል። በ50 ብር ተከፍቶ ዳግመኛ የማይነካ ሒሳብ ለባንኩ ሸክም ነው። እውነት ነው፤ ግን ይህን ሸክም የፈጠረው ራሱ ታርጌቱ ነው። ሠራተኛው የሚመዘነው በከፈተው የሒሳብ ብዛት ከሆነ ሒሳብ ይከፍታል፤ ሒሳቡ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ የሚጠይቀው የለም።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። በአንድ ወረዳ 5,000 ገበሬዎች እያንዳንዳቸው በአማካይ 6,000 ብር ቢያስቀምጡ 30 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ባንኩ በ7 በመቶ በዓመት 2.1 ሚሊዮን ብር ወለድ ይከፍልበታል። ያንኑ 30 ሚሊዮን ከአንድ ትልቅ ድርጅት በ15 በመቶ ቢያመጣው 4.5 ሚሊዮን ብር ይከፍላል። ልዩነቱ 2.4 ሚሊዮን ብር ነው። በዚህ ገንዘብ በገበያ ቀን እስከ ምሽት የሚሠራ መስኮት፣ የሳተላይት ግንኙነት፣ በየቀበሌው ወኪል ማቆም ይቻላል። ደህንነቱም አይወዳደርም። ትልቁ ድርጅት አንድ ጠዋት ተነሥቶ 30 ሚሊዮኑን ያወጣል፤ 5,000 ገበሬዎች ግን የልጅ ሠርግና የጤና ችግር በአንድ ቀን አይገጥማቸውም። በልግ የቀረበት ዓመት ብቻ በጅምላ ሊያወጡ ይችላሉ፤ እሱንም አስቀድሞ ማስላትና ለዚያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ማዘጋጀት የባንኩ ሙያ ነው። ተቀማጭን ማስተዳደር ማለት ይኸው ነው፤ የትኛው ገንዘብ ይቆያል፣ የትኛው ይሄዳል፣ መቼ ይሄዳል ብሎ ለይቶ ማወቅ።

ምን ይደረግ?

መጀመሪያ መለኪያው ይቀየር። የቅርንጫፍ ውጤት በሰኔ 30 ሒሳብ ሳይሆን በዓመቱ አማካይ ተቀማጭ ይመዘን። ያን ጊዜ የሰኔ ስልክ ትርጉም ያጣል፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚወጣ አንድ ደብዳቤ ይህን ሊያደርግ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የባንኩ የሥራ ቀን ከገበሬው ቀን ጋር ይግጠም። ወደ መንዝ ገንዘብ የሚገባው በየወሩ እኩል አይደለም፤ ለዘመን መለወጫ፣ ለገናና ለፋሲካ የበግ ገበያ ይሞቃል፤ በሑዳዴ ይቀዘቅዛል፤ በክረምት ደግሞ ወጪ ይበዛል። ይህን ዑደት ይዞ ከበዓል ሽያጭ የሚቆረጥና ለማዳበሪያና ለትምህርት ቤት ምዝገባ የሚደርስ ሒሳብ መቅረጽ አስቸጋሪ አይደለም። እቁብ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀኑ ይታወቃል፣ ዓላማው ይታወቃል፣ ሰብሳቢው ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳየውም ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ወኪል ከሕንፃ ይልቅ ለሰው እንደሚቀርብ ነው፤ ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመረው «ሳንዱቅ» የተባለው የቁጠባ አገልግሎትም በዚያ መንገድ የመጣ ነው። ወኪሉ ግን በገበያ ቀን በቂ ጥሬ ገንዘብ ካልያዘ እሱም ሌላ «ሲስተም የለም» ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ገንዘቡ ተመልሶ ይምጣ። ገበሬው በባንኩ ላይ ያለው ትልቁ ቅሬታ የወለዱ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ከመንዝ የተሰበሰበ ብር አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ሆኖ መቅረቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ እንስሳትንም ጨምሮ፣ ለብድር ዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልም ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በመንዝ ከገበሬዎች ጋር በማኅበረሰብ ደረጃ በግ የማሻሻል ሥራ ሠርቷል፤ በዚያ ሥራ በጎች ምልክት አላቸው፣ ግልገሎች ይመዘናሉ፣ መዝገብ ይያዛል። ለብድር ዋስትና ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይገኛል? ሁለት ዓመት በትጋት የቆጠበ ገበሬ፣ ወይም ባና ሸጣ የምትቆጥብ ሴት፣ የቁጠባ ታሪካቸው እንደ ዋስትና ተቆጥሮ ለማድለቢያ የሚሆን ብድር ቢያገኙ በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ደብተር ለማውጣት ይሰለፋሉ። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ተነሥቶ ባንክ የሆነው ፀደይና በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ለዚህ ከማንም በላይ ቅርብ ናቸው፤ ከማንም በላይም ይጠየቁበታል።

ብሔራዊ ባንክም የድርሻው አለው። የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ ላይ አድርጎ የትንሹን ቆጣቢ ዝቅተኛ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ካቆመበት 7 በመቶ ላይ መተው ለትልቁ ገንዘብ መደራደሪያ፣ ለትንሹ ቅጣት ነው። ቢያንስ የትንሹ ወለድ ከዋጋ ንረቱና ከፖሊሲ ወለዱ ጋር እየታየ በየጊዜው ይከለስ።

ጊዜው የሚያዘናጋ አይደለም። ፓርላማው ታህሳስ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ፈቅዷል፤ ስልታዊ የውጭ ባለሀብት በአገር ውስጥ ባንክ እስከ 40 በመቶ፣ የውጭ ድርሻ በጠቅላላ እስከ 49 በመቶ መያዝ ይችላል። የውጭው ባንክ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የዘመሮን በር ሳይሆን የአዲስ አበባን ትልልቅ አስቀማጮች በር ነው፤ ባንኮቻችን ዛሬ በውድ ኪራይ የያዙትን ያንኑ ገንዘብ ማለት ነው። በዚያ ሜዳ ላይ በካፒታልም በቴክኖሎጂም ሊበልጣቸው ይችላል። የማይበልጣቸው ገበያ ቀንን፣ በልግን፣ እቁብንና የበግ ዋጋን በሚያውቅ ሰው ብቻ በሚሠራው ሥራ ነው። የባንክ ሥራ አስኪያጆች ሆይ፣ በዚህ ሰኔ ስልኩን አስቀምጡና የወረዳ ቅርንጫፎቻችሁ በገበያ ቀን ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ ጠይቁ። እናንተም አንባብያን፣ ገንዘባችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በፈለግሁ ሰዓት ማውጣት እችላለሁ ወይ? በዚህ ደብተር ነገ መበደር እችላለሁ ወይ? ለሁለቱም ቁርጥ ያለ መልስ የሌለው ባንክ ተቀማጫችሁ አይገባውም።